«እግዜር ያበርታ» ለስካቫተሩ

ሰኞ ጠዋት ሻዬን ይዤ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ደጃፍ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ ርእሰ መምህራችን አቶ አንማው መጡና ስመኝ ሥራ መልቀቋን ነገሩን። ከዚያ በኋላ የተነሣው ጫጫታ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ያለ ነው። አንዱ ሁለተኛ «ለ» ክፍልን ማን ሊረከብ ነው አለ፤ አንዷ የስመኝን ወንበር እኔ ልውሰደው አለች። ወዴት ሄደች ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሞጣ ካሉት ከእናቷ በቀር የማያውቅ ሰው አልነበረማ። ስመኝ የሄደችው ስካቫተር ልትነዳ ነው።

እኔ ሻዬን ይዤ ወደ ፀሐዩ ተመለስሁ። ይህን ያዩ ባልደረቦቼ ከፍቶት ነው ብለው ይሆናል። አልከፋኝም ነበር። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። እኛ መምህራን «አንድ ቀን እንዲህ ባደርግ» እያልን ሻይ የምናቀዘቅዝ ሰዎች ነን። አንድ ቀን አደርጋለሁ ያለውን ሰው እውነትም አንድ ቀን ሻንጣውን አንሥቶ ሲወጣ ሳይ ልቤ ዘለለ።

ስመኝ ከሞጣ ተመድባ ስትመጣ ገና ልጅ እግር ነበረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትራመድ የሚያሳድዳት ሰው ያለ የምትመስል። በመጀመሪያው ቀን በክፍሏ በር ሳልፍ ልጆቹ ብድግ ብለው «እንደምን አደሩ ቲቸር» ሲሏት ሰማሁ። እኛ እንዲህ ስንባል ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን ተቀመጡ እንላለን። እሷ ጎንበስ አለች። ጎንበስ አለች ስል አንገቷን ሰበር አደረገች ማለቴ አይደለም፤ ወገቧን አጥፋ የጣቶቿ ጫፍ ወለሉን እስኪነካ ድረስ ወረደች። የወደቀባትን ጠመኔ የምታነሣ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ሳልፍም ያንኑ አደረገች፣ በሦስተኛውም ቀን።

በሻይ ሰዓት ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ሰላምታ የሚመልስ ሰው ከሰጪው ዝቅ ማለት አለበት፣ ጋሽ ይበልጣል። አባቴ ነፍሱን ይማረውና እንዲህ ነበር የሚለኝ።»

ለሰባት ዓመት ልጅም ቢሆን ነው ወይ አልኋት። ልጅ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከእሱ ዝቅ ለማለት መሬቱን መንካት ግድ ነው ብላ መለሰችልኝ። ስትናገረው አልሳቀችም። እኔ ግን ሻዩ በአፍንጫዬ ወጣ።

ከእሷ ጋር ገበያ መሄድ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። እንጨት የሚፈልጠውን፣ ልብስ የምታጥበውን፣ ጆንያ የሚሸከመውን፣ አጥር የሚያጥረውን ሁሉ «እግዜር ያበርታ» ሳትል አታልፍም። ነገሩ የአገራችን ወግ ነው፤ የሚሠራ ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከተማ ስንገባ ግን ሰዓት እናያለን፣ ስልክ እናያለን፣ እናልፋለን። ስመኝ አታልፍም። የተባለው ሰውም ቢደክመው፣ ቢከፋው፣ ጠብ ላይ ቢሆን እንኳ ቀና ብሎ «አሜን፣ ያክብርልኝ» ሳይል አይቀርም። አንድ ጊዜ ምስማር ሲመታ ጣቱን የቀጠቀጠ አናጢ እንባው እየፈሰሰ አሜን ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ይህንኑ ለልጆቹ ታስተምራቸው ነበር። «እግዜር ያበርታ ተብሎ አሜን የማይል ሰው የለም» ትላቸዋለች። ይህች አባባሏ ኋላ ምን መዘዝ እንዳመጣች ላውጋችሁ።

ከደጀን ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ አዲስ ሊሠሩት ማሽኖች የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ባሕር ዛፍ የበቀለበት ጉብታ አለ። ከጉብታው ሥር፣ ራቅ ብሎ፣ ጅረቱን የሚሻገር ድልድይ ሊሠራ መሬቱ ይቆፈር ጀመር። ትምህርት ቤታችን አበደ። ልጅ ከክፍል በመስኮት ይጠፋል፤ በእረፍት የወጣ አይመለስም፤ ደብተር ላይ የሚሣለው ሁሉ ጥርስ ያለው ረጅም ክንድ ሆነ። ልጆቹ ስካቫተሩን ስካቫተር አላሉትም። በወላጆቻቸው ስልክ ካርቱን ያዩ ናቸውና ስሙን «ሮቦቱ» አሉት። አቶ አንማው ወደ ጉብታው መውጣት ክልክል ነው ብለው በሰልፍ ላይ አስጠነቀቁ። ማስጠንቀቂያው የማያውቁትንም ልጆች አሳወቃቸው።

ስመኝ ቢሯቸው ገብታ ዓርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ልጆቼን ይዤ ጉብታው ላይ ልውጣ አለች። ለምን ትምህርት ነው ቢሏት ለአካባቢ ሳይንስ ነው አለች። አቶ አንማው ደግ ሰው ናቸው፤ ሌላ አዋቂ አብሮ ከሄደ ፈቀዱላት። በዚያ ሰዓት ክፍል ያልነበረኝ እኔ ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል ብል ማን ሰምቶኝ፣ ስመኝ በአንድ እጇ ገመድ፣ በሌላው የእኔን ክንድ ይዛ አወጣችኝ። ገመዱን በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ወጥራ አሰረችው። ከዚያ ያለፈ ልጅ ዳግመኛ ጉብታው ላይ አይወጣም። ሕጉ ይኸው ብቻ ነበር፤ ሲጥሰው ያየሁት ልጅም የለም።

እንግዲህ እኔ ቢቸና ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ጉብታ ላይ ጤፍ ሲያሸት፣ ደመና ሲወርድ፣ መኪና ጭቃ ሲይዘው አይቻለሁ። የዚያን ቀን ያየሁትን ግን አላየሁም ነበር። ቢጫው ፍጥረት ክንዱን ዘርግቶ ጥርሱን ዋልካው አፈር ውስጥ ይከታል፤ እጥፍ አድርጎ አንድ ጎጆ የሚያህል አፈር ዘግኖ ይነሣል፤ ወገቡ ላይ ዘወር ብሎ ሲኖትራኩ ላይ ይዘረግፈዋል። መኪናው ከሸክሙ የተነሣ ጎንበስ ብሎ ቀና ይላል። ድምፁ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ዘግየት ብሎ ነው። ልጆቹ ክንዱ ሲነሣ አብረው በእግር ጣታቸው ይነሣሉ፤ አፈሩ ሲዘረገፍ «ውይ» ይላሉ፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳልል አልቀረሁም።

ስመኝ ወደ እነሱ ዞረች። ሰው ሲሠራ አይተን ዝም እንላለን ወይ ብላ ጠየቀች። አንልም አሉ። በሉ እንግዲህ አለቻቸው፤ ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ወደፊት ሰግጎ «እግዜር ያበርታ» ብሎ ጮኸ። ባሕር ዛፉ ላይ የነበሩ ወፎች ተነሡ።

ስካቫተሩ ሥራውን ቀጠለ።

ደግመው ጮኹ፤ ያው ነው። በሦስተኛው አንዳንዶቹ ድምፃቸው ሰለለ። ያኔ መክሊት የምትባል፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ነገር የማትለቅ ልጅ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ ፍርዷን ሰጠች።

«ሰው የለበትም። ሰው ቢኖርበት አሜን ይል ነበር።»

ምን ይባላል? ያስተማርናት እኛው ነን። ስመኝ የሞተሩን ጩኸት፣ የመስተዋቱን ውፍረት አስረዳቻት። መክሊት አባቷ ሲያርስ ከወንዝ ማዶ የተጠራ እንደሆነ እንደሚሰማ ተናገረች። ሌሎቹም ልጆች በየተራ የአባቶቻቸውን ጆሮ ይመሰክሩ ጀመር። ጥቁሩ መስተዋት ከዚያ ርቀት ምንም አያሳይም፤ ማሽኑ ራሱን ችሎ የሚሠራ ነው የሚመስለው፤ እኔ ራሴ መጠራጠር ዳድቶኝ ነበር። ስመኝ ፊቷ ቀላ።

«ሰው ከሌለበት እኔ ማስተማር እተዋለሁ» አለች።

ልጅ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይባልም። ልጅ አይረሳም።

ያን ሳምንት ሙሉ ስመኝን ሐሳብ ይዟት ሰነበተ። ሩቅ ያለ ሰው በምን ሰላም ይባላል ብላ ጠየቀችኝ። አጎቴ ወንዝ ማዶ ላለ ሰው ዱላውን ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ፣ ሴቶች ደግሞ የነጠላቸውን ጫፍ እንደሚያውለበልቡ ነገርኋት። በሚቀጥለው ዓርብ ልጆቹ የእናታቸውን ነጠላ፣ የአባታቸውን ጋቢ፣ ያጣውም የትራስ ልብስ ይዞ መጣ። ጉብታው ጥምቀት መሰለ። ስመኝ ምልክት ስትሰጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ላይ አነሡና አውለበለቡት።

ስካቫተሩ ቆመ።

ክንዱ አየር ላይ እንዳለ ቀረ፤ ከጥርሱ መካከል አፈር ፈሰስ ፈሰስ እያለ ሲወርድ ከዚያ ድረስ ይታያል። ትንሽ ቆየና ክንዱ ቀስ እያለ ተነሣ፣ ተነሣ፣ የመጨረሻው ጫፍ ድረስ ወጣ፤ ከዚያም ጥሩንባው ጮኸ። ከዚህ በኋላ የሆነውን መንገር ይከብደኛል። የዘለለ አለ፣ የተንከባለለ አለ፣ ያለቀሰ አለ። እኔ፣ ጉልበቴን ያመኛል ያልሁት ሰው፣ ባርኔጣዬን ወደ ላይ ብወረውረው ባሕር ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ስመኝ ወገቧን አጥፋ መሬት ነክታ ቀና ስትል ፊቷ በእንባ ርሷል።

መክሊት ብቻ አልተነቃነቀችም። ሮቦትም ክንዱን ያነሣል፣ በስልክ አይቻለሁ አለች። እኔ ሳቅሁ። ስመኝ አልሳቀችም። «ልክ ናት» አለችኝ ቁልቁል ስንወርድ። «በዓይኗ አላየችማ።»

ቅዳሜ ስመኝ ወደ ማሽኑ ወረደች፤ እኔንም ወሬኛ አፍ እንዳይከፍትባት ብላ ይዛኝ ሄደች። ስካቫተሩን የሚነዳው ከድር የሚባል፣ ከወሎ በኩል የመጣ፣ አጠር ያለ ሰው ነው። ምሳውን በልቶ በማሽኑ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። «እግዜር ያበርታ» ስንለው ብድግ ብሎ አሜን አለ። ጉብታው ላይ የነበሩት ልጆች የእኛ መሆናቸውን ስንነግረው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ነጠላው ሲውለበለብ መቃብር ነክተሃል፣ ቁም የሚሉት መስሎት ነበር የቆመው። በየአገሩ መንገድ ሲሠራ መሬቴን ወሰዳችሁ ብሎ የረገመው፣ መኪና ላይ ጫኑኝ ብሎ የለመነው ብዙ ነው። ሥራው ላይ ሳለ ሰላም ያለው ሰው ግን እንዳልገጠመው ነገረን።

ስመኝ የማሽኑን ወንበር ማየት እንደምትፈልግ ስትናገር ከድር ተቆናጠጪ አላት። እኔን ወደ ኋላ ራቅ በል አለኝና ከጎኗ ቆሞ ዘንጎቹን አሳያት፤ ይኼ ክንድ፣ ይኼ ጥርስ፣ ይኼ ወገብ። ሞተሩን አስነሣው። መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ክንዱ ተነሣ። ከድር እጁን ከዘንጎቹ ላይ አንሥቶ ነበር፤ የምታነሣው እሷ ነች።

ፊቷን እስከ ዛሬ አየዋለሁ። አልሳቀችም፣ አልጮኸችም። የሚያሳድዳት ሰው ያለ ይመስል የነበረች ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ አለች። ክንዱን አውርዳ ጥርሱን መሬት ላይ ስታሳርፈው አቧራ እንኳ አልተነሣም። ከድር ሲወርድ «የዚች ልጅ እጅ አይቸኩልም» አለኝ። የብዙ ሰው እጅ እንደሚቸኩል፣ ይህንንም ለማስተው ወራት እንደሚፈጅ አጫወተኝ።

ጉብታውን ስንወጣ ነው የተናገረችው። ልጅ ሳለች ሞጣ ላይ ዶዘር መጥቶ ነበር። ከሠፈር ልጆች ጋር ከሩቅ ቆማ ስታይ ነው የዋለችው።

«ያኔ የማየው ማሽኑን ነበር፤ ዛሬ ያየሁት ወንበሩን ነው፣ ጋሽ ይበልጣል። ባዶ ነው። ሰው ይቀመጥበታል» አለች። ትንሽ ሄደችና ቆመች። «እናቴን ምን እላታለሁ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የስመኝ ጭንቅ ይኸው አንድ ነገር ነበር። እናቷ እትዬ የውብዳር ባላቸውን ካጡ በኋላ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ሞጣ ላይ «መምህርቷ ልጄ» ሳይሉ አረፍተ ነገር አይጀምሩም። ደብዳቤ ሲጻፍ፣ ቀበሌ ሲኬድ፣ ማኅበር ላይ፣ መምህርቷ ልጄ። ይህን ስም ከእናቷ አፍ እንዴት ትንጠቅ? ቅዳሜና እሑድ ልትነግራቸው ሞጣ ትሄዳለች፤ ሰኞ ሳትነግራቸው ትመለሳለች። ከድር በበኩሉ ለአለቆቹ ነግሮ ማሠልጠኛ የምትገባበትን መንገድ አፈላለገላት።

በመካከሉ ከድር ልጆቹን መጥቼ አያለሁ ያለንን ቃሉን ጠብቆ አንድ ቀን ክፍሉ መጣ። ልጆቹ ሊያዩት ወንበር ላይ ወጡ። መክሊት ግን ቁመቱን ከእግር እስከ ራሱ ለካችውና እንዲህ ያለ ትንሽ ሰው ያንን ሁሉ አፈር ሊያነሣ እንደማይችል ወሰነች። ለምን አሜን አላልህም ብላ አፋጠጠችው፤ አልሰማሁም አላት። ከሄደ በኋላ ለጓደኞቿ ያስረዳቻቸውን ሰማሁ፤ ሰውዬው የሮቦቱ እረኛ ነው። ጠዋት ያሰማራዋል፣ ማታ ይከተዋል። የገበሬ ልጅ ነችና ሌላ ምን ታስብ።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲያልቅ ስመኝ ልጆቹን ተሰናበተች። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ወዴት እንደምትሄድ በግልጽ ነገረቻቸው።

«ሰው አለበት ብያችሁ ነበር። ያመነኝም ያላመነኝም አለ። አሁን ማስረጃ ልሆን ነው የምሄደው። አንድ ቀን እዚያ ላይ ከሆንሁ ሰላም ስትሉኝ እመልሳለሁ።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ወለሉን ነካች፤ ልጆቹም ብድግ አሉ። ሰኞ አቶ አንማው ወሬውን ያመጡልን እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። ለእናቷ የነገረቻቸው አውቶቡስ ላይ ሆና በስልክ እንደሆነ ኋላ ሰማሁ።

ሁለተኛ «ለ»ን የተረከብሁት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። በመጀመሪያው ቀን ያገኘሁት ወሬ ግን ራሴን አስያዘኝ። ቲቸር ስመኝ ሰው ከሌለበት ማስተማር እተዋለሁ ብላ የለ? ይኸው ተወች። እንግዲያው ሰው የለበትም ማለት ነው። መክሊት ይህን በክፍሉ አስተምራ ጨርሳ ነበር። ስመኝ ራሷ የተናገረችው ስንብት እንኳ ይህን አልናደውም፤ ትልቅ ሰው ሲሸነፍ ብዙ ያወራል ብላ አስረዳቻቸው። እኔ አማርኛ አስተማሪው ጠመኔዬን አንሥቼ ወደ ንባቡ ተሻገርሁ።

ዓርብን አልተውሁም። ገመዱን ወጠርሁ፣ ነጠላው ተነሣ። ከድር ወደ ደብረ ወርቅ በኩል ተዛውሮ ነበርና በእሱ ፋንታ የመጡት ነጂዎች አንዳንዴ ጥሩንባ ይነፉልናል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ዝም ነው። የስመኝም ወሬ ጠፋ። ስልኳ ሲጠሩት አይሠራም፤ ሲሠራ አይነሣም። ወሬኛ ዘንድ ግን ወሬ አይጠፋም። ፈተናውን ወደቀች ተባለ። ካምፕ ውስጥ ሻይ ታፈላለች ተባለ። ደጀን አግብታ ተቀመጠች ያለም ነበር። እኔ አንዱንም አላመንሁም፤ ልቤ ግን ፈራ። ክፍሉ ወደ ሦስተኛ ሲያልፍ አብሬ ላልፍ አቶ አንማውን ለመንኋቸው። የመክሊት ጥርስ በቀለ፤ ሐሳቧ ግን ያው ነበር።

በዚያ ዓመት ለፈተና እርማት ሞጣ ሄጄ ሳለ እትዬ የውብዳርን ልጠይቃቸው ገባሁ። ደጃፋቸው ላይ ሰፌድ ታቅፈው ምስር ይለቅማሉ። ማንነቴን ስነግራቸው ወንበር አስወጡልኝ፤ ለብዙ ጊዜ ግን ቀና ብለው አላዩኝም። እኔም ልጅዎ ጎበዝ ነች፣ እጇ አይቸኩልም፣ ምናምን እያልሁ ቀባጠርሁ። ከልጃቸው ከደህንነቷ በቀር ወሬ እንደማያገኙ፣ ሰው ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲላቸውም የሚሉት እንደጠፋባቸው ነገሩኝ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚያብሰለስላቸው ሌላ ነው።

«መምህር» አሉኝ ምስሩን ትተው፤ «አስተማሪ ሆና ሳለች ጠዋት ጠዋት ሰላም የሚሏት ልጆች ነበሯት። አባቷም እርሻ ላይ ሳለ መንገደኛው ሁሉ እግዜር ያበርታ ይለው ነበር። አሁን እዚያ ብረት ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ፣ እግዜር ያበርታ የሚላት ሰው አላት?»

አዎ እንዳልል አላውቅም፤ የለም እንዳልል አንጀቴ አልቻለም። ከሰፌዱ ምስር ዘግኜ አብሬያቸው መልቀም ጀመርሁ። ስነሣ የስልክ ቁጥራቸውን ያዝሁ፤ ወሬ ካገኘሁ እደውላለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ከጉብታው ሥር ያለው የመንገዱ ሥራ አለቀ። ድልድዩ ቆመ። ማሽኖቹም ወደ ሞጣ በኩል ሄዱ። የቀረው የውኃ መውረጃ ቦይ ብቻ ነው። ይህን የሚቆፍር አንድ ስካቫተር በረጅም መኪና ተጭኖ፣ ሲኖትራኮች አስከትሎ መጣ፤ ከዚህ በኋላ ከጉብታችን የሚታይ ነገር እንደማይኖር ለልጆቹ ነገርኋቸው። የመጨረሻው ዓርብ እንደሆነ ሁሉም ያውቁ ነበር። ከሌላ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ መጡ። አቶ አንማው ራሳቸው ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ለቁጥጥር ነው እያሉ ወጡ።

ስካቫተሩ ከቦዩ ዳር ሆኖ ይሠራል። ሲኖትራኮቹ ከኋላው ተራ ይጠብቃሉ። «እግዜር ያበርታ» ብለን ጮኽን፤ ነጠላውን አነሣን።

ቆመ።

የጫነውን አፈር ቀስ አድርጎ መኪናው ላይ ደፋና ወደ እኛ ዞረ። ክንዱን ያነሣል ብለን አንገታችንን ቀና አደረግን። አላነሣም። ክንዱ ይወርድ ጀመር። ረጅሙ አንገት ተዘርግቶ፣ ወገቡ ታጥፎ፣ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አለ። በመጨረሻ የጥርሱ ጫፍ መሬቱን ነካ። አቧራ አልተነሣም። እዚያው ቆየ።

በጉብታው ላይ አንድም ልጅ አልጮኸም። አቶ አንማው እንኳ ኮታቸውን ከትከሻቸው ላይ አወረዱ። ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ የቆመችው መክሊት ናት ዝምታውን የሰበረችው።

«ሰው አለበት» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። «ቲቸር ስመኝ ናት።»

ያን ጊዜ ጉብታው በጩኸት ፈረሰ። ልጆቹ ወገባቸውን አጥፈው በሁለት እጃቸው መሬት ነኩ፤ ስካቫተሩ ቀና ብሎ እንደገና ወረደ። ልጆቹ ደገሙ፤ እሱም ደገመ። በእኛ አገር ሰላምታ ላይ መጨረሻ ዝቅ ያለው ነው አሸናፊው፤ ሁለቱም ወገን መሸነፍ አልፈለገም። ሲኖትራኮቹ ተደርድረው ጥሩንባቸውን ይነፋሉ። አንድ ቢጫ ቆብ ያደረገ ሰው እጁን እያወናጨፈ ወደ ስካቫተሩ ይሮጣል። ጉልበቴን ረስቼ እኔም ጎነበስሁ፤ ቀና ለማለት አቶ አንማው ናቸው ያገዙኝ።

ስልኬን አውጥቼ ሞጣ ደወልሁ። እትዬ የውብዳር ሲያነሡት ምንም አላስረዳኋቸውም፤ ስልኩን ወደ ልጆቹ ዘርግቼ አንድ ጊዜ እንደገና በሉ አልኋቸው። ሁሉም ባለ በሌለ ድምፃቸው «እግዜር ያበርታ» አሉ።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስሁት። ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ሰው አሉኝ።

«ለልጅዎ ነው» አልኋቸው።

በስልኩ ሰፌድ ሲያስቀምጡ ሰማሁ። ከዚያ ድምፃቸውን አጥርተው፣ ማዶ ላለ ሰው እንደሚመልሱት አድርገው መለሱ።

«አሜን። ያክብርልኝ።»